የሽንፈት ዳቦ

የትምወርቅ ገና ፊቷን ሳትታጠብ የመጀመሪያው ዳቦ ደረሰ። ያመጣችው ጎረቤቷ ረምዚያ ናት፤ ትኩሱን ድፎ በሰፌድ አድርጋ፣ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ዝቅ አድርጋ አስራ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚገባ ሰው በሩ ላይ ቆም አለችና ገባች። «አብሽሪ እህቴ፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ» ብላ ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፤ ከዚያ አጠገቧ ቁጭ ብላ መሬት መሬት ታይ ጀመር። የትምወርቅ ለአባቷ ቀብርም እንዲህ ያለ ዳቦ ሲመጣላት ታስታውሳለች። ልዩነቱ ዛሬ የሞተ ሰው አለመኖሩ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ የምርጫው ውጤት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተለጠፈ፤ ለከተማው ምክር ቤት በግሏ የተወዳደረችው ልብስ ሰፊዋ የትምወርቅ፣ ተወልዳ ካደገችበት ሰፈር አሥራ አራት ድምፅ አገኘች። አንዱ የራሷ ነው።

መካነ ሰላም ውስጥ ሰው ብቻውን አያዝንም፤ ቢፈልግም የሚተወው የለም። ቅሬ የምንለው የሰፈሩ የቀብር ማኅበር እስላሙንም ክርስቲያኑንም በአንድ ድንኳን ያስቀምጣል፤ ከሥጋ በቀር ሁሉን አብሮ ይበላል፤ ሥራውም ከጥንት ጀምሮ የተከፋፈለ ነው። ወንዶች መቃብር ይቆፍራሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፤ ሴቶች ዳቦ ይጋግራሉ፣ ውሃ ይቀዳሉ። ወንዱ ዳቦው ከየት እንደ መጣ አይጠይቅም፣ ሴቷ መቃብሩ ምን ያህል እንደ ጠለቀ አትጠይቅም፤ እያንዳንዱ የሌላው ድርሻ መሠራቱን አምኖ ይተኛል። ቅሬው ለሞት ብቻም አይደለም። ቤቱ ለተቃጠለበት፣ በሬው ገደል ለገባበት፣ ልጁ የየመን ባሕር ላይ ለቀረበት ሁሉ የሚቀመጥበት ወግ አለው። በምርጫ ለተሸነፈ ሰው ግን ወግ አልነበረውም፤ በዚህ ሰፈር ከዚህ በፊት የሚሸነፍ ሰው ተወዳድሮ አያውቅማ። ስለዚህ ሴቶቹ በየአጥሩ ተጠራርተው ሲመክሩ አመሹና የሚያውቁትን ወግ ይዘው መጡ።

ባሏ አሳምነው ነገሩን እንደ ደንበኛ ለቅሶ ተቀበለው። የቅሬው ጸሐፊ ስለሆነ የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው እሱ ዘንድ ነው፤ ሄዶ አግዳሚ ወንበሮቹን በጋሪ አስመጣና በአንዲቷ ክፍላቸው ግድግዳ ዙሪያ ደረደራቸው። የስፌት መኪናዋን ወደ ጥግ ገፋት። ግድግዳው ላይ የቅስቀሳ ወረቀቷ አለ፤ ፎቶዋና ከሥሩ የምርጫ ምልክቷ፣ አንድ ሰማያዊ ባልዲ። ይንቀለው ወይስ ይተወው እያለ ትንሽ ቆመና ተወው። ከትናንት ጀምሮ ብዙ ተናግሯል። ዝናብ ሊመጣ ነው ብሏል፤ ቢላዋው ዶልዱሟል ብሏል፤ የአንዱ ወንበር እግር ሚስማር ይፈልጋል ብሏል። እሷ የምትጠብቀውን ቃል ብቻ አላለም። በምርጫው ዕለት አብረው ሄደው፣ አብረው ተሰልፈው፣ መጀመሪያ የገባው እሱ ነበር። ከድምፅ መስጫው መጋረጃ ሥር ጫማው ይታያታል፤ በዋዜማው ራሷ የቀባችለት ቡናማ ጫማ። ጫማው ብዙ ቆየ። አንዴ ወደ ግራ ዞረ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። ያኔ፣ «አንድ ባልዲ ለማግኘት ይህን ያህል መፈለግ!» ብላ በሆዷ ስቃ ነበር። አሁን ያ ጫማ ከዓይኗ አልጠፋ አለ። ምክር ቤት አለመግባቷን ልትለምደው ትችላለች። ከአሥራ አራቱ አንዱ የባሏ መሆን አለመሆኑን ሳታውቅ ግን ከእንግዲህ አንድ ትራስ ላይ እንዴት እንደምትተኛ አላወቀችም።

ተወዳደሪ ያሏት እነዚሁ የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። የሰፈሩ ቦኖ ከተዘጋ ሁለት ክረምት አልፎታል፤ ቧንቧው ዞሮ የሸማቾች ማኅበሩ ሊቀ መንበር አቶ ታደለ ወደ ሠራው የእንግዳ ማረፊያ ገብቷል። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ ወይ ቁልቁለቱን ወርደው ከምንጭ ይቀዳሉ፣ ወይ ከአህያ ጋሪ አንዱን ጀሪካን በሃያ ብር ይገዛሉ። መጋቢት ላይ በቅሬው ስብሰባ የትምወርቅ ብድግ ብላ፣ «የሬሳ ማጠቢያ ውሃ የምንገዛ ሰዎች ሆነናል» አለች። ድንኳኑ በጭብጨባ ተናጋ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ አህመዲን ከዘራቸውን ከፍ አድርገው፣ «ለምርጫው እሷ ትግባልን! የምትስማሙ እጅ አውጡ!» አሉ። ወንዱ ሁሉ እጁን አወጣ፤ ሴቱ ከኋላ እልል አለ፤ አሳምነው ያወጣው ሁለቱንም እጆቹን ነበር። ሌላ አገር ሰው በአደባባይ ይፈራል፣ ከመጋረጃ ጀርባ ይደፍራል ይባላል። እኛ ዘንድ በአደባባይ የማይደፍር የለም፤ ጉልበት የሚከዳን መጋረጃው ሲመጣ ነው።

ረፋዱ ላይ ክፍሏ ሞላች። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በየተራ ይገባሉ። አንዷ፣ «እግዜር ያጥናሽ» ብላ ትቀመጣለች፤ ከዚያ ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብላ፣ «እኔ በበኩሌ አንቺኑ ነው የመረጥኩ፤ ሌላው ነው የከዳሽ» ትላለች። ሁለተኛዋም ያንኑ። ሦስተኛዋ ባልዲውን ስታይ እንባዋ እንደ መጣ፣ ምልክቱን ስታደርግ እጇ እንደ ተንቀጠቀጠ ጨምራ። ዳቦው ጠረጴዛውን ሞልቶ የስፌት መኪናዋ ላይ ወጣ። ቀትር ሳይደርስ፣ በጆሮዋ የገባላት ድምፅ በሩ ላይ ከተለጠፈው እጥፉን አለፈ። ቆጠራው የተካሄደው በዚህ ክፍል ቢሆን ኖሮ ዛሬ በዚህ ቤት በግ ይታረድ ነበር። እሷ ለሁሉም፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ትላለች፤ ማንንም አትጠይቅም። በመሐሉ ወሬው ወደ ራሱ መንገድ ይመለሳል፤ ጤፍ ስንት ገባ፣ የወረኢሉ መንገድ ጭቃው እንዴት ነው፣ ከላላ ገበያ በቅሎ የሸጠው ሰውዬ ምን ነካው። አንዷ ሳታስበው፣ «የሸማቾቹ ዘይት ለዚህ ሰፈር መቼ ነው የሚታደል?» አለች። ሁሉም ነጠላውን አስተካከለ።

ዘይቱ ራሱ ሰምቶ ነው መሰል፣ ወዲያው አቶ ታደለ ገባ። ያሸነፈ ሰው ለቅሶ አይደርስም የሚል ሕግ የለም። አምስት ሊትሩን ዘይት በፌስታል አንጠልጥሏል፤ የምክር ቤቱን ወንበር ካገኘ ገና አንድ ቀን ባይሞላውም አረማመዱ ሰፋ ብሏል። ሰው ሁሉ ብድግ አለለት። እሱም፣ «ኧረ በእናንተ ሞት፣ ተቀመጡ!» እያለ ሄዶ፣ ሌላ ቦታ ጠፍቶ፣ ልክ ከባልዲው ሥር ተቀመጠ።

«የትምወርቅ፣ ምርጫ ማለት መሸናነፍ ነው» አላት። «አንቺ ለዴሞክራሲያችን ጌጥ ሆነሻል።»

«ጌጥማ ማታ ማታ ይወለቃል፣ አቶ ታደለ።»

ረምዚያ ሳቋን በሻሿ አፈነች። ታደለ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ደመናው ሙቀቱን አምቆ እንደያዘው ተናገረና የሚጠጣ ውሃ ጠየቀ። ጥግ ላይ ያንቀላፉ የነበሩ ሴትዮ እንኳ ቀና አሉ። አሳምነው በታደለ ማኅበር ውስጥ የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ ከጋሪ የተገዛውን ጀሪካን አዘንብሎ ብርጭቆ ሞላና ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሰጠው። የትምወርቅ ሁለቱን እጆች አየቻቸው። መጋቢት ላይ ያየቻቸው እነዚያው ናቸው። ታደለ ውሃውን እስከ ታች ጠጣ፣ «ጣፋጭ ነው» አለ፣ የውሃውንም ጉዳይ ምክር ቤቱ ሲሰበሰብ እንደሚያነሳው ቃል ገብቶ ወጣ።

የትምወርቅ ብርጭቆውን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ረምዚያ ተከተለቻትና መጋረጃውን ከኋላዋ ሳበች። በጓዳዋ ውስጥ ሁለት ሰው ከቆመ ለሦስተኛ ቦታ የለም፤ ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

«የትሜ፣ ወላሂ ከዚህ በላይ አልችልም» አለች ረምዚያ። «አልመረጥኩሽም።»

የትምወርቅ ብርጭቆውን ማጠብ ጀመረች።

«እኔም አልመረጥኩሽ፣ እነሱም አልመረጡሽ። ደግሞ አምነሻቸው ነው?»

«እነሱን እንኳ አላመንኩም። አንቺን ነበር ያመንኩት።»

«እኔ ደግሞ ወንዶቹን ነበራ ያመንኩት!» ድምፅዋ ከፍ ሲል በእጇ አፏን ያዘች። «እጅ ያወጡት እነሱ፣ ‹ትግባልን› ያሉት እነሱ። እኛ ሴቶቹ ለብቻችን ስንመክር፣ እሷን ማስገባቱን ወንዶቹ ይዘውታል አልን። የአንድ ሰው ድምፅ ምስጢር ነው፤ የሰፈር ድምፅ ግን በር ላይ ይለጠፋል። ሁሉም ባልዲ፣ ባልዲ ብቻ ከሆነ ሰውየው ዘይቱን ይከለክለናል፤ እኛ እንኳ ለእሱ እንስጥና ፊቱን ይፍታ አልን። መቃብር ቁፋሮውን ለነሱ እንደምንተው ተውነው፤ በቃ ይኸው ነው። ብትሰድቢኝ ደስ ይለኛል።»

«ወንዶቹስ?»

«ወንዶቹን ባልሽን ጠይቂ። እኔ የኔውን ጧት ጠይቄው ሶላት ደረሰብኝ ብሎ ወጣ፤ ሰዓቱ ገና ነበር።»

የትምወርቅ አልሰደበቻትም። ብርጭቆውን ደፍታ አስቀመጠችና በመጋረጃው ክፍተት ወደ ክፍሉ አየች። አሳምነው ለአንድ ሽማግሌ ዳቦ እየቆረሰ ነው፤ ጠርዙን ትቶ ለስላሳውን። ደግ ሰው ነው። ይህን ማንም አይክደውም። ለእሷም ሁልጊዜ ለስላሳውን ነው የሚያነሳላት።

ከቀትር በኋላ የቅሬው ለፋፊ በመንገዱ እየጮኸ መጣ። እማማ እታገኘሁ ማረፋቸውን፣ ቅሬው ሁሉ እንዲወጣ። ከመንገዱ ጫፍ የሚኖሩ፣ ከፋሲካ ወዲህ ከመደብ ያልተነሱ አሮጊት ናቸው፤ በምርጫው ዕለት ግን ካልሄድኩ ብለው በቃሬዛ ተወስደው መርጠዋል። ክፍሉ በአንድ ጊዜ ቆመ። በሰው ፊት ላይ ሐዘን ብቻ አልነበረም፤ ትንሽ እፎይታም ነበረበት፤ የሚያውቁት ለቅሶ መጣላቸው። መጀመሪያ አንዷ ሰፌዷን አነሳች። «ይቅርታ እህቴ፣ እዚያ ቤት ባዶ ነው» አለች። ሌላዋ ያልተቆረሰውን ድፎ ታቀፈች። ከስፌት መኪናዋ ላይ ያለውም ተነሳ። ዳቦው እንደ አመጣጡ በየሰፌዱ ሆኖ ወጣ፤ ቀጥሎ አሳምነውና ሁለት ጎረምሶች ወንበሮቹን ያወጡ ጀመር። የመጨረሻው እሷ የተቀመጠችበት ነበር። አሳምነው መጥቶ አጠገቧ ቆመ፤ ተነሺ ማለት ከበደው። ተነሳችለት።

በእማማ እታገኘሁ ግቢ ወንበሮቹ ሣር ላይ ተደርድረው፣ ዳቦው ትልቁ መሶብ ላይ ተከምሮ አገኘችው። ለጥቂት ጊዜ እውነተኛ ለቅሶ ሆነ። አሮጊቷ አዋላጅ ነበሩና በግቢው ካለው ሰው እኩሌታው በእጃቸው የወጣ ነው፤ የትምወርቅም አለቀሰች፣ የጠዋቱንም ጨምራ። እንባዋን ስትጠርግ አንዲት ሴት ከጎኗ ሆና፣ «እማማ አንቺን ነው የመረጡ፤ ለእኔ ነግረውኛል» አለቻት። ሌላዋም ከወዲያ፣ «ለኔም» አለች። የሞተ ሰው ድምፅ ለማንም ይበቃል። ሰውነታቸው ገና ሳይታጠብ ለሰፈሩ ሁሉ እዳ መክፈያ ሆኑ።

ጋሽ አህመዲን መሐል ቆመው እንደ ወጉ ሥራ አከፋፈሉ። «ወንዶች! የቤተ ክርስቲያኑ መሬት ድንጋይ ነው፣ ሰማዩም አያስተማምንም፤ ቁፋሮው ዛሬውኑ ይጀመር። ሴቶች! ውሃ።» ከዚያ ወደ የትምወርቅ መጥተው ራሷን ዳሰሱና ዱዓ አደረጉላት። «ልጄ፣ ኸይር ነው። አምስት ዓመት እንደሁ ሩቅ አይደለም።»

«አሚን። ጋሽ አህመዲን፣ አንቱ ማንን መረጡ?»

«ይኸማ ምስጢር ነው፣ ልጄ።»

«መጋቢት ላይ እጅ ሲወጣስ?»

ሽማግሌው ከዘራቸውን አፈሩ ላይ ተከሉ። ዱዓ ሲያደርጉ ዓይናቸውን የማይጨፍኑ ሰው ናቸው፤ አሁን ግን ጨፈኑት። ትታቸው ሄደች።

ወደ ቤት የተመለሱት አብረው ነው፤ እሱ ዶማ ሊያወጣ፣ እሷ ጀሪካን። ክፍሉ ባዶ ነበር። ወለሉ ላይ የዳቦ ፍርፋሪ፣ ግድግዳው ላይ ባልዲው፤ ከመጣው ሁሉ ሳይመለስ የቀረው የታደለ ዘይት ብቻ፣ ጠረጴዛው መሐል። አሳምነው ዶማውን ከበሩ ጀርባ አውጥቶ እጀታው መጥበቁን እየነካካ ያይ ጀመር።

«አሳምነው።»

«አቤት።»

«እናንተ ወንዶቹ ምን ተባብላችሁ ነበር?»

«ማን ነገረሽ?»

«የነገረኝ የለም። ሴቶቹ ለናንተ ትተውኝ ነበር። አሥራ አራት ሰው ከቀረልኝ፣ እናንተም ለሆነ ሰው ትታችሁኛል ማለት ነው።»

ከውጭ ሰዎች አካፋ እየጎተቱ ሲያልፉ ይሰማል።

«ለሴቶቹ» አለ በመጨረሻ። «ለሴቶቹ ትተንሽ ነበር። የውሃ ነገር የሴቶች ነገር ነው፤ እነሱ አንድ ሆነው ያስገቧታል፣ እኛ ለታደለ ሰጥተን ሰፈሩን ከዓይኑ እናድን ተባባልን። ክፋት የለበትም የትሜ። ለሁሉም ይበቃል ብለን ነው።»

«አንተስ?»

ዶማውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

«እዚያ ውስጥ ብዙ ቆየሁ።»

«አውቃለሁ። ጫማህን አይቼዋለሁ።»

«ባልዲውን አየሁት። ፎቶሽንም አየሁት። እጄ ሄዶልሽ ነበር። ግን እኔም ወንድ ነኝ። ከሰዎቹ ጋር ቃል ተግባብቻለሁ።»

ከትናንት ጀምሮ የጠበቀችው ቃል መጣ፤ ይህ ነበር። እንደምታለቅስ ገምታ ነበር፤ አላለቀሰችም። ከንግግሩ ሁሉ ጆሮዋ ላይ የቀረው የመጨረሻው ሳይሆን «የውሃ ነገር የሴቶች ነገር ነው» ያለው ነው። ጓዳ ገብታ ሁለቱን ቢጫ ጀሪካኖች አወጣችና እግሩ ሥር አኖረች። ከዚያ እጇን ዘረጋች።

«ዶማውን አምጣ።»

«ለምንሽ?»

«መቃብር ልቆፍር። አንተ ውሃ ቅዳ።»

«የትሜ፣ ሰው ምን ይላል!»

«ሰው ምንም አይልም። ከጠዋት ጀምሮ ስሰማው ነው የዋልኩት፣ ምንም አይልም።»

ዶማውን ከእጁ ወሰደች፤ እሱም አጥብቆ አልያዘውም። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ ወጣች። መንገዱ ላይ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚሄዱት ወንዶች ዶማ በትከሻዋ ሲያዩ ቆሙ፤ ቀጥሎ ከኋላዋ ጀሪካን በሁለት እጁ አንጠልጥሎ የወጣውን ጸሐፊያቸውን ሲያዩ ዓይናቸውን የሚያሳርፉበት ጠፋቸው። የረምዚያ ባል ጫማው የተፈታ ይመስል ጎንበስ አለ፤ ያደረገው ነጠላ ጫማ ነበር። ማንም አልሳቀም። ጋሽ አህመዲን አንድ ነገር ሊሉ ከዘራቸውን አነሱና መልሰው አወረዱት። የትምወርቅ በመሐላቸው አለፈች።

መንገዱ ከሚከፈልበት ስትደርስ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣውን ያዘች። ከኋላዋ የጀሪካኖቹ ግጭት ቆመ።

«የትሜ» አላት፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁን የምትቀዱበት ምንጭ… በየት በኩል ነው?»

ዞር ብላ አየችው። ሁለት ክረምት በዚያ ውሃ ታጥቧል፣ ጠጥቷል፣ ለታደለም ቀድቷል። ዶማውን ከትከሻዋ አውርዳ በእጀታው ቁልቁል፣ ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ ወዳለው ገደላ ገደል አመለከተችው።

«በዚያ ውረድ። ጀሪካን የተሰለፈበትን ስታይ ያንተን መጨረሻ ላይ አኑረህ ቁም። እንዳትጋፋቸው፤ ወረፋ አለው።»

ዶማውን መልሳ ትከሻዋ ላይ አደረገችና ዳገቱን ወጣች። ባዶዎቹ ጀሪካኖች ከድንጋይ ከድንጋይ እየተጋጩ ቁልቁል ሲወርዱ፣ እስኪጠፉ ድረስ ሰማቻቸው።